«ባለ 60 በመቶው ኪቦርድ ለሁሉም ይበቃል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ሜካኒካል ኪቦርድ መጠንና አቀማመጥ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው የሚሠሩበትን ዕቃ እንደሚወዱት ከየአንቀጹ ይታያል፤ መከራከሪያቸው ግን ከልካቸው አልፎ ለዓለም ሁሉ የተሰፋ ልብስ ሆኖብኛል። የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ የፊደሉን ክፍል ብቻ የያዘው፣ ባለ 60 በመቶ የተባለው ትንሽ ኪቦርድ ለማንኛውም ሰው ይበቃል፤ በሙሉው ኪቦርድ ቀኝ ዳር ያለው የቁጥር ሰሌዳ ጊዜው ያለፈበት ነው፤ የጎደለው ቁልፍ ሁሉ ኤፍ ኤን የተባለውን ቁልፍ ከሌላ ጋር በመጫን ስለሚተካ የሚቀር ነገር የለም፤ ትንሹ ኪቦርድ የእጅ አንጓና የትከሻ ሕመምን ያስቀራል፤ አንሲና አይሶ የተባሉት ሁለት የኪቦርድ ቅርጾች የሚለያዩት በኢንተር ቁልፍ ቅርጽ ብቻ ነው፤ ድቮራክ ወደተባለው የፊደል አደራደር የተሸጋገረ ሰው ፍጥነቱ በእጥፍ ያድጋል፤ ኪካፕም፣ ማለትም የቁልፍ ክዳን፣ የትኛውም በየትኛውም ኪቦርድ ላይ ይገጥማል። እኔም በባለ 60 በመቶ ኪቦርድ ከአንድ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ይህን ምላሽ የምጽፈው ትንሽ ኪቦርድን ጠልቼ አይደለም።

ከስሞቹ መጀመር ይሻላል፤ ብዙው ስህተት የሚመነጨው ከዚያ ነውና። ጸሐፊው 60፣ 65፣ 75 እና 80 በመቶ የሚሉትን ስያሜዎች እንደ ልኬት ወስደው፣ ከዝቅተኛው ቁጥር የሚገኘው ጥቅም ከፍተኛ ነው ወደሚል ስሌት ይሄዳሉ። እነዚህ ግን መጠሪያዎች እንጂ ልኬቶች አይደሉም። በአሜሪካው አሠራር የተሠራ ሙሉ ኪቦርድ 104 ቁልፎች አሉት፤ የቁጥር ሰሌዳው ብቻ የተነሣለትና ቴንኪሌስ የሚባለው 87፣ የተለመደው ባለ 60 በመቶ ደግሞ 61 አለው። ከባለ 75 በመቶዎቹ ብዙዎቹ ከ82 እስከ 84 ቁልፍ ይይዛሉ። ማካፈል ለወደደ ሰው፣ 84 ቁልፍ ማለት ከሙሉው 81 በመቶ ገደማ ነው፤ ባለ 80 በመቶ እየተባለ ከሚጠራው ቴንኪሌስ የሚያንሰውም በሦስት ቁልፍ ብቻ ነው። በስፋት ቢለካም ስሙ አይገጥምም። በአብዛኞቹ ኪቦርዶች ላይ ከአንዱ ፊደል ቁልፍ መሐል እስከ ጎረቤቱ መሐል ያለው ርቀት 19.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሠሪዎቹም ይህን አንድ ዩኒት ይሉታል። የፊደሉ ክፍል 15 ዩኒት ይሰፋል፤ ሙሉው ኪቦርድ ከነቁጥር ሰሌዳው 22.5 ዩኒት ይሆናል። ባለ 60 በመቶው እንግዲህ የፊደሉን ክፍል ብቻ ስለሚይዝ ስፋቱ የሙሉው ሁለት ሦስተኛ ነው ማለት ነው። በነገራችን ላይ የፊደሉ ክፍል በሁሉም መጠኖች ላይ ያው 15 ዩኒት ስለሆነ፣ ትንሽ ኪቦርድ ላይ ቁልፎቹም ያንሳሉ ብለው የሚፈሩ ሰዎች ሊሰጉ አይገባም።

አሁን ይህን ወደ ሚሊ ሜትር እንመንዝረው፤ የመጠን ክርክር የሚፈታው እዚህ ላይ ነውና። የውጭ ሳጥኑን ትተን ቁልፎቹ የያዙትን ስፋት ብቻ ብናይ፣ ሙሉው ወደ 429፣ ቴንኪሌሱ ወደ 348፣ ባለ 65 በመቶው ወደ 305፣ ባለ 60 በመቶው ወደ 286 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከሙሉው ወደ ቴንኪሌስ የወረደ ሰው ማውሱን በ81 ሚሊ ሜትር ወደ ራሱ ያቀርባል፤ ይህ ትልቅ ትርፍ ነው፤ ጽሑፉም ይህን በትክክል አስቀምጦታል። ከባለ 65 በመቶው ወደ ባለ 60 በመቶው የወረደ ሰው ግን የሚያተርፈው አንዲት የቁልፍ ዐምድ፣ ማለትም 19 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአውራ ጣት ስፋት ያህል። በዚያች ዐምድ የሚከፍለው ደግሞ አራቱን የቀስት ቁልፎችና እንደ ዲሊት፣ ፔጅ አፕና ፔጅ ዳውን ያሉ ሦስት ወይም አራት ቁልፎችን ነው። ብዙዎቹ ባለ 75 በመቶ ኪቦርዶች በስፋት ከባለ 65 በመቶው ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ናቸው፤ የሚጨምሩት ከላይ አንድ ረድፍ ነው፤ ያ ረድፍም ወደ ማውሱ ሳይሆን ወደ ስክሪኑ አቅጣጫ ስለሚሄድ የማንንም ክርን አይገፋም። ጸሐፊው እነዚህን ሁለት መጠኖች በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ «መሐል ሰፋሪዎች» ብለው ማለፋቸው የጽሑፉ ትልቁ ጉድለት ይመስለኛል።

የቁጥር ሰሌዳው ጊዜው አልፎበታል የሚለውን በከፊል እቀበላለሁ። ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ፕሮግራም የሚጽፍ፣ ኢንተርኔት የሚያስስ ሰው ወር ሙሉ ላይነካው ይችላል። ሒሳብ የሚመዘግብ ሰው ግን በግራ እጁ ወረቀት እየገለጠ፣ በቀኝ እጁ 5 ቁጥር ላይ ያለችውን ጉብታ በጣቱ እየዳሰሰ፣ ዐይኑን ከሰነዱ ሳያነሣ መቶ ያህል አኃዞችን በተከታታይ ያስገባል፤ በላይኛው የቁጥር ረድፍ ይህን ማድረግ ሁለቱንም እጆች ይጠይቃል። ብሌንደርን በመሰሉ የሦስት አውታር ሥዕል መሥሪያ ፕሮግራሞችም ውስጥ የዕይታ ማዕዘን የሚለወጠው በነባሪው በእነዚሁ ቁልፎች ነው። ጽሑፉ ጨርሶ ያላሰባቸው ሰዎች ደግሞ አሉ፦ ዐይነ ስውራን። ኤንቪዲኤና ጆዝ የተባሉት ስክሪን አንባቢዎች፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች፣ በዴስክቶፕ አሠራራቸው ብዙ ትእዛዞችን በቁጥር ሰሌዳው ላይ ያስቀምጣሉ፤ ኢንሰርትንም እንደ ዋና አዛዥ ቁልፍ ይጠቀሙበታል። የላፕቶፕ አሠራርም ስላላቸው ያለ ቁጥር ሰሌዳ መሥራት አይቻልም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ለዓመታት በጣቱ ያጠናውን ሰው ዕቃህ ጊዜው አልፎበታል ማለት ተገቢ አይደለም። የቁጥር ሰሌዳውን ለብቻው ገዝቶ ከኪቦርዱ በስተግራ ማስቀመጥ ይቻላል የሚለው ምክር ግን የጽሑፉ ጠንካራ ነጥብ ነው፤ ቀኝ እጅ ከማውሱ ሳይነሣ ግራ እጅ ቁጥር እንዲያስገባ ያስችላልና። ልምዱን ለማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ እኔ የምቃወምበት ምክንያት የለኝም።

የጎደለው ቁልፍ ሁሉ በኤፍ ኤን ይተካል ወደሚለው እንምጣ። ኤፍ ኤን ሲያዝ ሌሎቹ ቁልፎች ሌላ ሥራ እንዲይዙ የሚያደርገው ሌየር የተባለው ዘዴ በእርግጥ ብልህ ነው። ሆኖም ከኪቦርዱ ላይ የተነሡት ቁልፎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ፕሪንት ስክሪን፣ ስክሮል ሎክ፣ ፖዝ የመሳሰሉት አልፎ አልፎ ብቻቸውን የሚነኩ ስለሆኑ ከኤፍ ኤን ጋር ቢጫኑ ማንም አይጎዳም። የቀስት ቁልፎች፣ ሆምና ኢንድ ግን ቀኑን ሙሉ የሚሠሩ ከመሆናቸውም በላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነኩት ከሌላ ቁልፍ ጋር ነው። አንድ ቃል ወደ ኋላ ለመምረጥ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና የግራ ቀስትን አብረን እንጫናለን፤ በባለ 60 በመቶው ይህ አራት ቁልፍ ይሆናል። ኤፍ ኤን በቀኝ ታችኛው ጥግ ላይ ከሆነና የቀስቶቹም ሥራ በቀኝ እጅ በኩል ከተሰጠ፣ አንዱ እጅ ቁልፍ ይዞ ያንኑ እያጠፈ ሌላ ለመንካት ይንጠራራል። ይህን ለሰዓታት ያደረገ ሰው «ምንም አይቀርም» የሚለውን አባባል በቀላሉ አይቀበለውም።

ከላይኛው ረድፍ የተነሡትም እንዲሁ ናቸው። በኤክሴል ውስጥ ኤፍ 2 ሕዋሱን ለማረም ይከፍታል፤ ኤፍ 4 ቀመር በሚጻፍበት ጊዜ የሕዋሱን አድራሻ ይቆልፋል። ፕሮግራም አራሚዎች በቪዥዋል ስቱዲዮ መስመር በመስመር ሲሄዱ ኤፍ 10ን እና ኤፍ 11ን ያለማቋረጥ ይነካሉ። ብዙም የማይወራለት ሌላ ችግር ደግሞ አለ፦ በአብዛኞቹ ባለ 60 በመቶ ኪቦርዶች ላይ ኢስኬፕ የተቀመጠው በሙሉው ኪቦርድ ላይ ከ1 ቁጥር በስተግራ በነበረው ቁልፍ ቦታ ነው። ስለዚህ የጠመዝማዛዋን ምልክት (~) ለመጻፍ ኤፍ ኤን፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አብረው ሊጫኑ ግድ ይላል። ይህች ምልክት ለብዙ ሰው ከቁጥር የምትገባ አይደለችም፤ በትእዛዝ መስመር ለሚሠራ ሰው ግን የራሱን ማኅደር የምታመለክት የዘወትር ጓደኛው ናት።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ለዚህ ሁሉ በቂ መፍትሔ አለ። እንደ ኪው ኤም ኬ ባለ ፈርምዌር፣ ማለትም በራሱ በኪቦርዱ ውስጥ በሚቀመጥ ፕሮግራም፣ የሚሠራ ኪቦርድ ያለው ሰው ካፕስ ሎክን ሲይዘው ኤፍ ኤን፣ ነክቶ ሲለቀው ኢስኬፕ እንዲሆን ማድረግ፣ ቀስቶቹንም በቀኝ እጅ በአይ፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል ሥር ማኖር ይችላል። ያን ጊዜ ግራ ትንሿ ጣት ትይዛለች፣ ቀኝ እጅ ይንቀሳቀሳል፤ መዳፍም ጣቶች ከሚያርፉበት ከመነሻ ረድፉ አይለቅም። እውነቱን ለመናገር ይህ አሠራር ከተለመዱት የቀስት ቁልፎች የተሻለ ነው፤ በባለ 60 በመቶው ኪቦርዴ ላይ ከሁሉ የወደድኩትም እሱን ነበር። ነገር ግን ሁለት ሁኔታዎች መሟላት አለባቸው። የመጀመሪያው የኪቦርዱ ፈርምዌር የሚለወጥ መሆኑ ነው፤ ርካሾቹ ዘንድ ብዙ ጊዜ ኤፍ ኤን ከፋብሪካ በተሰጠው ቦታ እንደተቸነከረ ይቀራል። ሁለተኛው ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ኪቦርድ ላይ የሚሠራ መሆኑ ነው፤ ግማሹን ቀን ላፕቶፕ ላይ፣ ግማሹን ደግሞ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ የሚያሳልፍ ሰው ጣቶቹ በሁለት ቋንቋ መካከል ይንተባተባሉ። ጸሐፊው ሁለቱንም ሳይጠቅሱ አልፈዋል።

በዚህ ረገድ ጽሑፉ ራሱ እንደ ማስረጃ የጠቀሰው ሃፒ ሃኪንግ ኪቦርድ የሚመሰክረው ለተቃራኒው ወገን ነው። ጃፓናዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ኤይቲ ዋዳ ያሰቡትና ፒኤፍዩ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ይህ ኪቦርድ 60 ቁልፎች ነበሩት፤ ኮንትሮልንም ካፕስ ሎክ በሚቀመጥበት ቦታ አኖረ። የታሰበው ግን ለማንኛውም ሰው ሳይሆን ዩኒክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ለሚሠሩ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ነበር። እነዚህ ሰዎች ከሚሠሩባቸው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራሞች አንዱ በሆነው በቪአይ ውስጥ ጠቋሚው የሚንቀሳቀሰው በኤች፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል ፊደሎች ነው፤ ቀስት አለመኖሩ የሚያጎድልባቸው ነገር ትንሽ ነው። በኋላ ከወጡት ሞዴሎች አንዳንዶቹ የቀስት ቁልፎች ተጨምረውባቸው መምጣታቸው፣ ገዢው ከዚያ ጠባብ ክበብ ሲወጣ ፍላጎቱም እንደሚለወጥ ያሳያል።

ስለ ሕመም የተባለው ጥንቃቄ የጎደለው ነው። ማውሱ ሲቀርብ ትከሻ ያርፋል የሚለው ምክንያታዊ ነው፤ ክንድ ወደ ውጭ ተዘርግቶ አይውልምና። የእጅ አንጓን በተመለከተ ግን የፊደሉ ክፍል በትንሹም በትልቁም ላይ ያው 15 ዩኒት መሆኑን አይተናል፤ ስለዚህ ሁለቱ እጆች ተቀራርበው አንጓዎቹ ወደ ውጭ የሚታጠፉበት ማዕዘን በሁለቱም ላይ አንድ ነው። ያን ማዕዘን የሚያስተካክለው ለሁለት የተከፈለ ኪቦርድ ነው፤ ግራውና ቀኙ ተለያይተው በትከሻ ስፋት ስለሚቀመጡ። አንጓ ወደ ላይ እንዲቆለመም የሚያደርገው ደግሞ የኪቦርዱ የፊት ከፍታና ከኋላ የሚዘረጉት እግሮች ናቸው፤ ሜካኒካል ኪቦርዶች ብዙውን ጊዜ ከላፕቶፕ ኪቦርድ ስለሚወፍሩ ይህ በትንሹም ላይ ይኖራል። እግሮቹን ማጠፍ ምንም ወጪ የለውም፤ ጽሑፉ ግን አንድም ቃል አላለበትም። ሕመሙ የማይለቅ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የሐኪም እንጂ የኪቦርድ ጉዳይ አይደለም።

አንሲና አይሶ የሚለያዩት በኢንተር ቅርጽ ብቻ አይደለም። አንሲ ላይ ኢንተር አግድም የተኛ አንድ ረድፍ ነው፤ አይሶ ላይ ሁለት ረድፍ ይይዛል፤ ይህ ዐይን የሚያየው ልዩነት ነው። ጣት የሚያውቀው ልዩነት ግን በግራ በኩል ነው፤ የአንሲ ግራ ሺፍት 2.25 ዩኒት ሲሰፋ የአይሶው 1.25 ብቻ ነው፤ በተረፈው ቦታ አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ስለሚገባ ትንሿ ጣት ሺፍትን ለማግኘት አንድ ሙሉ ቁልፍ ራቅ ትላለች። በቀኝም በመነሻ ረድፉ ላይ ሌላ ቁልፍ ስለሚቀድም ኢንተር እንዲሁ ይርቃል። በርካታ የአውሮፓ ቋንቋዎች ያን ተጨማሪ ቁልፍ ስለሚሠሩበት ለእነሱ አይሶ ግዴታ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር፣ ይህ የኪቦርዱ አካላዊ ቅርጽ ስለሆነ ከተገዛ በኋላ በሶፍትዌር አይለወጥም፤ ፊደሎቹ የሚቀመጡበት ሥርዓት ግን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይለወጣል። ጽሑፉ እነዚህን ሁለቱን «አቀማመጥ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ ስለተናገረ፣ አንባቢው የትኛውን ከመግዛቱ በፊት፣ የትኛውን ከገዛ በኋላ መወሰን እንዳለበት ለይቶ አያውቅም።

የድቮራክ ነገር እንኳ ቀላል ክርክር አይደለም። ኩዌርቲ የተባለውን የተለመደ አቀማመጥ ያመነጩት ክሪስቶፈር ሌተም ሾልስ ሲሆኑ፣ ኦገስት ድቮራክና ዊሊያም ዲሊ የራሳቸውን አቀማመጥ ፓተንት ያገኙለት እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1944 ያወጣው ሪፖርት ድቮራክን አመስግኗል፤ ኧርል ስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1956 ለአሜሪካ መንግሥት ያደረጉት ጥናት ግን ኩዌርቲ የለመዱ ጸሐፊዎችን ወደ ድቮራክ መቀየር አያዋጣም ብሎ ደመደመ። ሊቦዊትዝና ማርጎሊስ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ሊቃውንትም እ.ኤ.አ. በ1990 የባሕር ኃይሉን ሙከራ አካሄድ ክፉኛ ተችተውታል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ድቮራክ ጣቶችን በመነሻ ረድፉ ላይ ይበልጥ እንደሚያቆያቸው አያጠራጥርም፤ ይህም ምቾት ሊሆን ይችላል። ምቾት ግን የፍጥነት እጥፍ አይደለም። በዚያ ላይ ለመቁረጥ፣ ለመቅዳትና ለመለጠፍ የምንነካቸው የኤክስ፣ ሲ እና ቪ ቁልፎች በድቮራክ ይበተናሉ። ሻይ ኮልማን እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ኮልማክ ይህን አስቦ ከኩዌርቲ የለወጠው 17 ቁልፎችን ብቻ ነው፤ ከዜድ እስከ ቪ ያለውንም እንደነበረ ትቶታል። ለውጥ ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ሆኖ ሳለ ጽሑፉ ስሙን እንኳ አላነሣም።

ደግሞስ እነዚያ ስሌቶች የተሠሩት በየትኛው ቋንቋ ነው? በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛን በላቲን ቁልፎች በድምፅ ስንጽፍ ሚዛኑ ይለወጣል። በተለመደው ዘዴ «ጨለማ» የሚለውን ለመጻፍ ሦስቱ ፊደሎች እያንዳንዳቸው አናባቢ ስለሚጠይቁ ስድስት ቁልፍ እንነካለን፤ የመጀመሪያው ላይም ሺፍት ይጨመራል፤ ጠ፣ ጨ፣ ጰ እና ኘ ከተ፣ ቸ፣ ፐ እና ነ የሚለዩት በሺፍት ነውና። ስለዚህ ለእኛ የግራ ሺፍት ስፋት ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ከሚያሳስበው በላይ ያሳስበናል። አናባቢዎቹን አምስቱንም በግራ እጅ መነሻ ረድፍ ላይ የደረደረው ድቮራክ ለዚህ አጻጻፍ የሚመች ይመስላል፤ በኩዌርቲ በዚያ ረድፍ ላይ ያለችው ኤ ብቻ ናትና። ይሁን እንጂ አንዳንድ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የሚያነቡት በአቀማመጡ የተሰጠውን ፊደል ሳይሆን የቁልፉን ቦታ ሊሆን ስለሚችል፣ አቀማመጥ ከመቀየር በፊት የሚጽፉበትን ፕሮግራም መፈተሽ ግድ ነው።

ኪካፕን በተመለከተ አጭር እርማት ይበቃል። የትኛውም በየትኛውም ይገጥማል የሚለው ከሁሉ የሚቀርበው ለራሱ ለባለ 60 በመቶው ነው፤ የተለመደው ስፔስባር 6.25 ዩኒት፣ የቀኝ ሺፍት 2.75 ዩኒት ስለሆነለት ማንኛውም መደበኛ ስብስብ ይሸፍነዋል። ባለ 65 እና ባለ 75 በመቶዎቹ ግን ቀስቶቹን ለማስገባት የቀኝ ሺፍትን ወደ 1.75 ዩኒት ስለሚያሳጥሩ፣ ያን መጠን የያዘ ስብስብ መፈለግ አለበት። ቁመታቸው በየረድፉ የሚለያይ ኪካፖችን የመረጠ ሰው ደግሞ በቀኝ ዳር ያሉት ቁልፎች የየረድፋቸው ቁመት ያላቸው መሆኑን ማየት ይኖርበታል። ትንሹ ኪቦርድ በዚህ በኩል ያቀላል፤ ይህን ነጥብ ለጸሐፊው እለቅላቸዋለሁ።

የቀረው፣ ግዙና በሁለት ሳምንት ትለምዱታላችሁ የሚለው ምክር ነው። ሳይገዙ መልመድ ይቻላል። አሁን በእጅ ያለውን ሙሉ ኪቦርድ ወስዶ የቁጥር ሰሌዳውን በወረቀት መሸፈን፣ በማግሥቱ የቀስት ቁልፎቹንና ከበላያቸው ያሉትን ስድስቱን መሸፈን፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ላይኛውን የኤፍ ረድፍ መጨመር፣ ወረቀቱ በተነሣ ቁጥርም ለየትኛው ቁልፍ እንደሆነ ጫፉ ላይ መጻፍ ነው። እኔ ይህን ያደረግሁት ባለ 60 በመቶውን ከገዛሁ ከዓመት በኋላ ስለነበር ዘግይቶብኛል። የቁጥር ሰሌዳውን ወረቀት ሳምንቱን ሙሉ አላነሣሁትም፤ በቀስቶቹ ላይ ያለው ግን በተለጠፈበት ቀን እኩለ ቀን ሳይደርስ ጫፉ ተቀዶ ነበር፤ ከኤፍ ረድፉም ኤፍ 2 ብቻ አሥራ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። ይህን ምላሽ የጻፍኩት በባለ 75 በመቶ ነው።